ባትሪዬን ማን ጠጣው?

ሰው በስንት ነገር ይጠረጠራል! በገንዘብ ይጠረጠራል፣ በትዳር ይጠረጠራል፣ በመሬት ድንበር ይጠረጠራል። እኔ ሰው የጠረጠርሁት በባትሪ ነው። ያውም የጭነት መኪና ባትሪ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ የኔው ከአንድ ጡብ የማይበልጥ፣ በብብት ተይዞ የሚሄድ የሞተር ባትሪ ነው። ለእሱ ብዬ ግቢ ሙሉ ሰው አመስሁ፣ አንድ ወዳጄን ከቤቱ አስወጣሁ፣ በመጨረሻም ጠበል ተረጨብኝ።

ከመነሻው ልንገራችሁ። የምኖረው ዓባይ ማዶ፣ በመሪጌታ ዓለሙ ግቢ ተከራይቼ ነው። መሪጌታ ጎልማሳነታቸውን በጣና ደሴቶች ቅኔ ሲያስቆጥሩ አሳልፈው አሁን በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከዜማ የማይወጣ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ውድነሽ ደግሞ ሲደሰቱም የተቆጡ ይመስላሉ። ከዋናው ቤት ፊት ለፊት ሁለት የኪራይ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ የኔ፣ ሌላው የታደለ። ታደለ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ እንደኔው ላጤ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወርደን አንድ ዓሣ ለሁለት እናዝዛለን፤ አጥንቱ ያንቀዋል ብሎ ስለሚሰጋልኝ እየለቀመ የሚያጎርሰኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ወዳጅ ነው የጠረጠርሁት፤ ፍረዱ።

እኔ ደግሞ በአንድ ፋብሪካ የንብረት ቁጥጥር ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ባጭሩ መጠርጠር ነው። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሜ የሚወጣውን ሰው ቦርሳ አያለሁ፣ ምሳ ዕቃ አስከፍታለሁ፣ ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰው ሳይ «በዚህ ሙቀት?» እላለሁ። የባሕር ዳርን ሙቀት ለምታውቁ ሰዎች ጥርጣሬዬ መሠረት የሌለው አይደለም። ችግሩ ማታ ቤት ስገባ ዩኒፎርሙን እንጂ ዓይኑን አለማውለቄ ነው።

ሞተር አለችኝ፤ ቀይ ስለሆነች ዳማ እላታለሁ። ዳማ ጨዋ ናት፤ አንድ ጉድለት ብቻ አለባት። በእግር ረግጠው የሚያስነሱበት ነገር የላትም፤ የምትነሳው በጣት ነው። ማስነሻዋን በጣት ሲነኩላት ትነሳለች፤ ባትሪዋ ከሞተ ግን እንኳን በጣት በጸሎትም አትነሳ። ከኋላ ሰው መግፋት አለበት።

ታዲያ በሰፈራችን አንድ ሞተር ተሰረቀ የሚል ወሬ ሰማሁ። የማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ወሬው ብቻ ነው ያለው። ለኔ ግን ይበቃኛል። በነጋታው ወፍራም ሸራ ገዝቼ ዳማን ማልበስ ጀመርሁ። መሪዋንም መቆለፍ ጀመርሁ። አቆላለፌን ልንገራችሁ፤ ሰው እንዳያየኝ መጀመሪያ ሸራውን አለብሳታለሁ፤ ከዚያ እጄን በሸራው ሥር እሰድና ቁልፉን በዳበሳ አዞራለሁ። «ቀጭ» ይላል። አንድ ጊዜ ቀጭ ማለት ለኔ ለሰላምታ እንኳ አይበቃም፤ አሁንም ጠበቅ አድርጌ አዞረዋለሁ። ደግሞ «ቀጭ» ይላል። ቁልፉን መዝዤ ኪሴ ከትቼ፣ ግራና ቀኝ አይቼ ገብቼ እተኛለሁ።

ጧት ተነስቼ ማስነሻዋን ስነካ ዝም። ደግሜ ስነካት ዝም። እንዳኮረፈ ሰው አንዲት ቃል የላትም።

ታደለ ፊቱን እየታጠበ ነበርና «ምን ሆነች?» አለኝ።

«እንጃ፤ አልነሳም አለች።»

«ና ልግፋህ» ብሎ ሳሙናውን ሳያስለቅቅ መጣ። ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ገፋኝ፤ ተነሳች። ስዞር ሳሙናው ፊቱ ላይ ደርቆ እየሳቀ እጁን ያወዛውዝልኛል። በማግሥቱም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። ሰው በየጧቱ ሌላውን ሰው ገፍቶ ደስ ሲለው አይቼ ስለማላውቅ፣ ይኸ ልጅ ምን ያስቀዋል ማለት የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው።

በላይነህ የሚባል የሞተር መካኒክ አለ፤ እሱ ዘንድ ወሰድኋት። ባትሪው አርጅቶ ይሆናል አለና አዲስ አስገባልኝ። አዲሱም ጧት ባዶ ሆኖ ተገኘ። በላይነህን ጠረጠርሁት፤ አዲስ ብሎ አሮጌ ሰጥቶኝ ይሆናል። ስለዚህ ባትሪውን በምስማር ጭሬ ምልክት አደረግሁበትና ተመልሼ ሄጄ «ይህን ባትሪ ታውቀዋለህ?» አልሁት፤ ሰው ገድሎ የተያዘ ይመስል።

በላይነህ ትዕግሥተኛ ነው። ቴስተሩን አወጣና ዳማን አጥፍቶ ሽቦዎቿን አንድ በአንድ ለካቸው። «ስሚንቶ ነች» አለኝ። «ስትሄድ ትሞላለች፤ ስትቆም የምታፈሰው የለም።»

«ታዲያ ሌሊት ማን ይጠጣዋል?»

«አላውቅም። እኔ ዘንድ ትደርና እንያት።»

አደረች። ጧት ሄጄ ማስነሻዋን ብነካ በአንድ ጊዜ ተነሳች። በላይነህ ትከሻውን ሰበቀ። ለእሱ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ ለኔ ግን ያን ጊዜ ተጀመረ። ጋራዥ ስታድር ሞልታ፣ ግቢያችን ስታድር ባዶ! እንግዲህ ሞተሯ ንጹሕ ናት፤ መካኒኩም ንጹሕ ነው፤ የቀረው ግቢው ነው። ለማረጋገጥ አንድ ቀን ባትሪውን ነቅዬ አልጋዬ ሥር አስቀምጬው አደርሁ። ጧት መልሼ ስገጥመው ዳማ እንደ ቅቤ ተነሳች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ባትሪው ከኔ ጋር ሲያድር ጤነኛ ነው፤ ውጭ ሲያድር ይደማል። አንድ ሰው ባትሪዬን ይጠጣል።

ፋብሪካው በር ላይ አብሮኝ ለሚቆም የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ስነግረው ዝቅ ባለ ድምፅ «አከራይህ ምንድን ናቸው?» አለኝ።

«መሪጌታ ናቸው።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ፍተሻው ተመለሰ። ክፉ ምክር ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ይሄዳል፤ የቀረውን አንተ ትሞላዋለህ።

በማግሥቱ ማልጄ ተነሳሁና በመስኮቴ ስንጥቅ አየሁ። መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዳማ አጠገብ ቆመዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

«እንደምን አደሩ መሪጌታ? እዚህ ምን እያደረጉ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ውዳሴ ማርያም እየደገምሁ ወደ ኪዳን መሄዴ ነው፤ ልጄ።»

«ከሞተሬ አጠገብ ለምን ይደግሙታል?»

መሪጌታ ዳማን አዩ፤ በሩን አዩ፤ እኔን አዩ። «ሞተርህን ያቆምሃት ከበሩ አጠገብ ነዋ» አሉኝ። «እኔ በሩን ይዤው ወዴት ልሂድ?»

መልሱ በቂ ነበር። ለጠርጣሪ ሰው ግን በቂ መልስ የሚባል ነገር የለም፤ በቂ ከሆነማ ተዘጋጅቶበታል ማለት ነው። ከወጡ በኋላ ዳማን ብነካት ዝም አለች።

የዚያን ዕለት ማታ ዱካ ለማንሳት ወሰንሁ። ከእትዬ ውድነሽ ማድቤት ደጃፍ አመድ በጣሳ ዘገንሁና በዳማ ዙሪያ ክብ አድርጌ በተንሁት። የረገጠ ሁሉ ይያዛል። ጧት ስመጣ አመዱ ላይ የዶሮ ዱካ አለ፣ የድመት ዱካ አለ፣ ደግሞም የሰው ጫማ ዱካ አለ። ሥርዓት ባለው አካሄድ ዱካውን ተከተልሁ። ከሞተሯ ወደ ኪራይ ክፍሎቹ ይሄዳል። ወደ ታደለ በር ያዘነብላል። ከዚያ ዞረና የኔ በር ላይ ቆመ። የጫማዬን ሶል ገልብጬ ባየው ራሱ ነው፤ ቁልፉን ደግሜ ለመሞከር በስተኋላ ተመልሼ ነበር።

እኔ ወደ ሥራ ስሄድ እትዬ ውድነሽ አመዱን አይተውታል። ለካ እኔ እነሱን ስጠረጥር እነሱም እኔን ሊጠረጥሩ ሰበብ ይፈልጉ ነበር። ሰው በቤቱ ደጃፍ ክብ የአመድ መስመር ሲያገኝ ምን ይላል? ለመሪጌታ «ይኸ ልጅ አመድ እየበተነ ያድራል፤ ምን ይዞብን እንደመጣ እንጃ» አሏቸው። መሪጌታም ለዚህ ያላቸው መድኃኒት አንድ ነው። ማታ ስመለስ ዳማ የምትቆምበት ቦታ፣ ሸራዬ፣ የክፍሌ ደፍ ሁሉ ርሷል።

«ማነው ውሃ ያፈሰሰው?» ብዬ ጮኽሁ። «ባትሪና ውሃ እንደማይስማሙ አታውቁም?»

«ውሃ አይደለም» አሉ እትዬ ውድነሽ ከማድቤት ሆነው፣ «ጠበል ነው።» ይህን ካሉ በኋላ ብቅ ብለው እኔም ላይ ረጩብኝና ተመለሱ። ፊቴን ጠርጌ ቆምሁ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀለል አለኝ፤ ባትሪው ግን ጧት ያው ነው።

እንግዲህ የቀረው ታደለ ነበር። አሁን ታደለን ሳስበው ሁሉም ነገር ግልጥልጥ አለልኝ። ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ እኛ ሻማ ስንፈልግ የታደለ ስልክ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ሬዲዮው ይዘፍናል። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ነጭ አምፖል ትበራለች። ሽቦ በሽቦ የሆነ ሰው ነው፤ ሥራው ሽቦ ነው። ደግሞ በሩን ሳንኳኳ ሁልጊዜ «ቆይ አንዴ!» ይልና የሆነ ነገር ይሸፍናል። ከየት አመጣው ይኸን ሁሉ መብራት? የመንግሥት መስመር ጠፍቷል፤ ከዳማ ባትሪ በቀር በግቢው ውስጥ መብራት የለም።

ከዚያ ወዲያ ሳየው ዓይኔ እጁ ላይ፣ ኪሱ ላይ፣ የሽቦ ጥቅልሉ ላይ ነበር። እሱም ይህን አይቶ መሸሽ ጀመረ። ቅዳሜ ዓሣ አልሄድንም። የሚገርመው ግን ጧት ጧት መግፋቱን አልተወም፤ ሳቁን ብቻ ተወ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ሁላችንም ቧንቧው አጠገብ ነበርን፤ እትዬ ውድነሽ ጀሪካን ይሞላሉ፣ መሪጌታ እግራቸውን ይታጠባሉ፣ ውሃ ሊቀዱ የመጡ ጎረቤቶችም ነበሩ። የታደለ መስኮት በራ። ሬዲዮው ጀመረ። እኔም አላስቻለኝም።

«ታደለ!» አልሁ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ይኸ መብራት ከየት መጣ?»

ታደለ ደጃፉ ላይ ብቅ አለ። «ምን ማለትህ ነው?»

«ማለቴማ፣ የኔ ባትሪ ሌሊት ሌሊት ይጠጣል። ያንተ ቤት ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይበራል። ይኸን የማያገናኝ ሰው የለም።»

ጎረቤቶቹ ጀሪካናቸውን አስቀመጡ። ታደለ መጀመሪያ እኔን አየ፤ ከዚያ መሪጌታን አየ፤ ከዚያ ወደ ጣራው ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ያን ጊዜ የተያዘ ሌባ ፊት ብዬ ነው የተረጎምሁት። አሁን ሳስበው ሌላ ነበር።

«እሺ» አለ። «ልታዩት ከሆነ እዩት።»

መሰላል አምጥቶ ወጣ። ከውሃው ታንከር ጀርባ ጎንበስ አለና የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅደር የምታህል የሶላር ሰሌዳ ይዞ ወረደ። ሽቦዋ በክፍሉ ጣራ ቀዳዳ ይገባል። ፀሐይ ስትወጣ ትሞላለች፤ መብራት ሲጠፋ ታበራለች። ይኸው ነው ምስጢሩ።

የደበቃትም በምክንያት ነው። መሪጌታ ቆርቆሮውን በቅርቡ አሳድሰውት «በቤቴ ጣራ ላይ ማንም እግሩን እንዳያሳርፍ!» ብለው ነበር። ታደለ ወጥቷል። ሊክድ አይችል፤ ከካደ የባትሪ ሌባ ነው፤ ከተናገረ የጣራ ወንጀለኛ ነው። ሌባ ከመባል ጣራውን መረጠ።

መሪጌታ እግራቸውን ከሚታጠቡበት ተነሱና «በኔ ጣራ ላይ፣ ሳትነግረኝ?» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዜማ አልነበረውም።

በነጋታው ታደለ፣ ሌባ በተባልሁበት ግቢ አላድርም ብሎ፣ ዕቃውን ባጃጅ ላይ ጫነ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ሳየው፣ የመጨረሻውን ፍራሽ አስሮ ወደኔ ዞር አለና «ለመሆኑ ነገ ማን ይገፋሃል?» አለኝ። ሄደ።

በነጋታው ጧት ዳማ ዝም አለች።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲህ ታደለ ንጹሕ መሆኑ ገባህ» ይለኛል። አልገባኝም። ጥርጣሬ እንዲህ በቀላሉ እጁን አይሰጥም። ያሰብሁት ምን መሰላችሁ? ግብረ አበር አለው አልሁ። ታደለ ወጥቷል፤ ሌላው እዚሁ አለ። የገፋኝም ሰው ስላልነበረ ዳማን ብቻዬን እስከ አስፋልቱ ስገፋ በየመንገዱ ያገኘሁትን ሁሉ ግብረ አበር አድርጌ አየሁት። ላብ ብዙ ነገር ያሳያል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሥራ ተመለስሁ። ዳማን አለበስሁ፣ በሸራው ሥር እጄን ሰደድሁ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ገብቼ ጋደም አልሁ። እትዬ ውድነሽ በግቢው መሐል በርበሬ አስጥተዋል፤ የዓመት በርበሬ ነው፤ ግቢው ቀይ ምንጣፍ መስሏል። ወሩ ዝናብ የማይጠበቅበት ነበር። ጣና ግን የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው፤ ከሐይቁ በኩል ጥቁር ደመና ተነስቶ ቀኑን አመሻሽ አስመሰለው።

በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ የሸራ ኮሽታ ሰማሁ። ዘልዬ ተነሳሁ። ባዶ እግሬን ወጣሁ። እትዬ ውድነሽ የሸራዬን ጫፍ ይዘው ከዳማ ላይ እየገፈፉ ነው!

«ያዝኋቸው!» ብዬ ጮኽሁ። «መሪጌታ፣ ይውጡ! ያዝኋቸው!»

«አንተ ልጅ፣ በርበሬዬ! ልቀቀው!» አሉ እትዬ ውድነሽ።

«አለቅም! ይኸው በዓይኔ አየሁ! ለካ እርስዎ ኖረዋል?»

እሳቸው ወደ በርበሬው ይጎትታሉ፤ እኔ ወደ ዳማ እጎትታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መታ መታ አደረጉት። እትዬ ውድነሽ የሴት ጉልበት አላቸው ብዬ ነበር፤ የሦስት ወንድ ጉልበት ነው ያላቸው። ከዚያ ዝናቡ አንዴ ወረደ፤ በኔም፣ በእሳቸውም፣ በዓመት በርበሬውም ላይ።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ወጡ። ጠቡን አላዩም። ሸራዋን የተገፈፈችውን ዳማን ነው የሚያዩት።

«ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «ሞተርህ ዓይኗ ምነው ቀላ?»

ዞርሁ። በዚያ በጠቆረ ቀን፣ በዚያ ዝናብ መሐል፣ የዳማ የኋላ መብራት ቁልጭ ብሎ ይበራል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ሞተሯ ጠፍታለች። መብራቷ ግን እንደ ፋኖስ ይበራል።

ሸራውን ለቀቅሁት። እትዬ ውድነሽ ከነሸራው ወደ ኋላ ሄደው በርበሬው ላይ ተቀመጡ።

ቀርቤ የቁልፉን መግቢያ አየሁት። በጨርቅ ጠረግሁት። የመሪ መቆለፊያው ቦታ ምልክት ተደርጎበታል፤ ከእሱ አንድ ደረጃ አልፎ ግን ትንሽ የመብራት ሥዕል አለ። በላይነህ ዘንድ ብደውል እስኪያንቀው ሳቀ። «እሱማ መንገድ ዳር ስታቆማት መኪና እንዳይገጫት የኋላዋ እንዲበራ የተሠራ ነው» አለኝ። «ለምን ሁለት ጊዜ ታዞረዋለህ? አንዴ ቀጭ ካለ በቃ!» እሱ ጋራዥ ስታድር መሪዋን አይቆልፍም፤ ሲለካትም አጥፍቷት ብቻ ነው። እኔ ግን በየማታው በገዛ እጄ መብራቷን አብርቼ፣ ሰው እንዳያያት በወፍራም ሸራ ሸፍኜ፣ ሌባዋን ፍለጋ እንቅልፍ ሳልጠግብ አድራለሁ።

«ይቺንማ» አሉ መሪጌታ፣ «እኔ ለኪዳን ስወጣ በሸራው ስፌት አያታለሁ። ደክማ እንደ ጧፍ ትሆናለች።»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝም፣ መሪጌታ?»

«መች ጠየቅኸኝ? የጠየቅኸኝ ‹ምን እያደረጉ ነው› ብለህ ነው። እሱን መለስሁልህ። መብራቷ ደግሞ አዳሯ እንዲያ መስሎኝ ነበር።»

ይቅርታ ልለምን ጎንበስ ስል መሪጌታ በመቋሚያቸው አገዱኝ። «ከኔ አትጀምር» አሉ። «የኔ ቀላል ነው። መጀመሪያ ወደዚያ ልጅ ሂድ።»

እስከ ምሽት ድረስ ግን የትም አልሄድሁም፤ የራሰውን በርበሬ ከእትዬ ውድነሽ ጋር ስለቅም ቆየሁ። ዓይኔን በእጄ አሸሁት። ከዚያ በኋላ ያፈሰስሁት እንባ ስንቱ የጸጸት፣ ስንቱ የበርበሬ እንደሆነ ለይቼ መናገር አልችልም። እትዬ ውድነሽ የበሰበሰውን እያነሱ ወደ ፊቴ ያስቀምጡት ነበር።

እሑድ ዘንዘልማ ሄድሁ። ታደለ እዚያ፣ ግማሹ እርሻ ግማሹ አዲስ ቤት በሆነበት ሰፈር፣ አንድ ክፍል ይዟል። ደጃፉ ላይ ልብስ ያጥባል። ሶላሯ በረጅም እንጨት ላይ፣ በአደባባይ፣ ፀሐይ ትሞቃለች።

አየኝ፤ ማጠቡን አልተወም። ከዳማ ወርጄ የሆነውን ሁሉ ነገርሁት፤ ቀጩንም፣ ሸራውንም፣ በርበሬውንም። በርበሬው ላይ ስደርስ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሊስቅ መስሎኝ ቆየሁ፤ አልሳቀም።

«እኔ ምን መስሎኝ እንደነበር ታውቃለህ?» አለኝ። «ስትመለከተኝ፣ እጄን ስታይ፣ ጣራውን ስታይ፣ ሶላሯን ደርሰህባት ለመሪጌታ ልትነግር ነው ብዬ ነበር። በየጧቱ የምገፋህ እንዳትናገርብኝ ብዬ ነው።»

«የመጀመሪያዎቹንም ቀናት?»

«የመጀመሪያዎቹንስ እንዲሁ ነው» አለ። ልብሱን ጨመቀ። «ወዳጄ ስለሆንህ ነው።»

ይህን ከሚለኝ ቢሰድበኝ ኖሮ እንዲህ ባላመመኝ። «ይቅር በለኝ» አልሁት።

«አይሆንም።»

«እንዴት?»

«ሌባ ያልኸኝ ሰው ፊት ነው። እዚህ ጤፍ ማሳ መሐል፣ ማንም በሌለበት፣ ይቅርታህን አልሰማም። እዚያው ቧንቧው አጠገብ በለው።»

እውነቱን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ጎረቤቶች ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉበትን ሰዓት ጠብቄ፣ ታደለን ከዳማ ኋላ አስቀምጬ አመጣሁት። ቧንቧው አጠገብ ቆሜ፣ ያን ቀን ሌባ ስል በጮህሁበት ድምፅ፣ ሌባው እኔው መሆኔን ተናገርሁ። አንዲት ሴትዮ አልሰማሁም ብለው ደግመው አስባሉኝ። ታደለ እጁን ዘረጋልኝ፤ ተሳሳምን። መሪጌታም ወደ እሱ ቀርበው «ያቺ ሰሌዳህ ጣራዬን አትከብደውም፤ ብትጠይቀኝ እፈቅድልህ ነበር፤ ያስከፋኝ ክብደቷ አልነበረም፣ ዝምታህ ነው» አሉት። ታደለ ጉልበታቸውን ሳመ። ተመለስ አሉት። አልመለስም አለ። ዘንዘልማ ወድዶታል፤ እዚያ ማንም ጣራውን አይጠብቅም። ቅዳሜ ግን ሐይቁ ዳር እንገናኛለን፤ አጥንቱን አሁን እኔ ነኝ የምለቅመው።

የታደለ ክፍል ባዶዋን ሰነበተች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ አንድ ጎልማሳ ክፍሉን ሊያይ መጥቶ ከመሪጌታ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጸጉሩ የተበጠረ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ሲነሳም ሲቀመጥም አክብሮት የሚያሳይ ሰው ነው። እትዬ ውድነሽ በዓይናቸው ወደ ማድቤት ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ሰው ታያለህ፤ ሥራህ ነው። እንዴት አየኸው?» አሉኝ።

ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ አስተያየቴ መጠየቁ ልቤን ነካው። ሰውዬውን ደግሜ አየሁት። ካፖርት አልለበሰም። ቦርሳ አልያዘም። እንደ ቀድሞው ቢሆን ኖሮ ካፖርት ያልለበሰበትን ምክንያት እመረምር ነበር፤ አሁን ግን ተለውጫለሁ።

«እትዬ» አልሁ፣ «ይህን ሰውማ ዓይኔን ጨፍኜ አምነዋለሁ።»

እትዬ ውድነሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወደ በረንዳው ወጡ።

«መሪጌታ» አሉ፣ «ሰውየውን ያሰናብቱት። ይኸ ልጅ አምኖታል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉ ጣጣ ወዲህ ጥርሳቸውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እንግዳውም ነገሩ ሳይገባው አብሯቸው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ክፍሉን ግን አላገኘም።